ለወሎ መንገድ የሚያዋጣ የኤስዩቪ ጎማ፦ ከመግዛታችሁ በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ጎማ ሊቀይር ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ዋጋ ነው። ቀጥሎ የሀገር ስም ይመጣል፤ «ይሄ የጃፓን፣ ያ የታይላንድ፣ ያኛው የቻይና»። ከዚያ ሻጩ ትልልቅ ጥርስ ያለውን ያወጣና «ለእኛ መንገድ ይሄ ነው» ይላል። ገዢው ግራ ይገባዋል። ብዙ ጊዜም ወይ በጣም የረከሰውን፣ ወይ ግርማ ሞገስ ያለውን ይዞ ይወጣል።

ይህ ጽሑፍ ፕራዶ፣ ራቭ ፎር፣ ቪታራ፣ ቱሳን፣ ሃርድቶፕ ወይም መሰል ከፍ ያለ መኪና ይዞ ወሎ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ነው። ጉዳዩ ዛሬ ከበፊቱ የበለጠ ያሳስባል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኗል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ እዚህ የሱቅ ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። የአመራረጡ ዘዴ ግን ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ያው ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ ወይም ወልድያ ተቀምጦ አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው፣ በቅርብ ጊዜ የተመረተ መካከለኛ ዋጋ ያለው ጎማ ከሁሉም ያዋጣል። የጭቃ ጎማ በእውነት የሚያስፈልገው ሰው በጣም ጥቂት ነው።

መንገዳችን ጎማ ላይ ምን ያደርጋል?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ሐረጎ በሚባለው ቁልቁለት ላይ መታጠፊያው ተከታትሎ ይመጣል። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ክብደቱ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት ይጫናል። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው የፊት ጎማ የውጭ ትከሻ ነው። ይህን መንገድ ጠዋት ማታ የምትመላለሱ ሰዎች መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ የፊት ጎማችሁን እዩት። መሃሉ ገና ጥርስ እያለው ትከሻው ተልጦ ታገኙታላችሁ።

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከዚያ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ጠላቱ ሙቀት ነው። የአስፋልቱ ግለት፣ ቀጥ ባለ መንገድ የሚጨመረው ፍጥነትና ጭነቱ ይደማመራሉ። ያረጀ ወይም ንፋስ ያነሰው ጎማ የሚፈነዳው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ወደ ጉጉፍቱ፣ ወረኢሉና ጃማ ስትወጡ ብርዱና ዋልካው ይጠብቃችኋል። ወደ ደላንታ ገጠር፣ ወይም ለመስከረም 21 ወደ ግሸን የሚወጣ ሰው ደግሞ ስለታም ጥቁር ድንጋይ ያገኛል። ያ ድንጋይ የጎማ ጥርስ ላይ ብዙም ጉዳት አያደርስም። የሚቀደው ጎኑን ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ በአስተማማኝ ሁኔታ አይጠገንም።

ዝናቡንም አትርሱ። ወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያም መንገዱ ሊረጥብ ይችላል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ አስፋልቱ ላይ ዘይትና ውኃ ተቀላቅሎ ሲወረድ፣ የጎማው እርጥብ መንገድ የመያዝ አቅም ከማንኛውም ነገር ይቀድማል።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አምስት መመዘኛዎች

*ቁጥሩ።* ጎማው ጎን ላይ 265/65 አር 17 112 ኤስ ተብሎ ተጽፎ ብታገኙ እንዲህ ይነበባል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው። አር ራዲያል፣ 17 ደግሞ የቸርኬው መጠን በኢንች። 112 የክብደት ደረጃ ነው፤ አንዱ ጎማ እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። ኤስ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር መሆኑን ይናገራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው የክብደት ደረጃውን ነው። መጠኑ ከገጠመለት ይበቃዋል። ነገር ግን 102 የተጻፈበት ጎማ 850 ኪሎ፣ 109 የተጻፈበት 1,030 ኪሎ፣ 116 የተጻፈበት 1,250 ኪሎ ነው የሚችለው። ከጃማ ጤፍ ጭኖ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ዕቃ ደርቦ፣ ሰባት ሰው ይዞ ለሚወርድ ፕራዶ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠው ደረጃ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ወይም በመመሪያው ላይ አለ። ከዚያ በታች አትውረዱ።

*ዕድሜው።* ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ጎማ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ኮድ በአራት ቁጥር ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2324 ካለ በ2024 ዓመት 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው።

ዓመቱ የፈረንጅ ነው። አሁን ወደ ሱቁ ተመለሱ። ጎማው 1216 የሚል ቁጥር አለው። ሻጩ «የ2016 ነው፣ አዲስ ነው» ይላል። እኛ 2016ን እንደ ቅርብ ጊዜ ነው የምናስታውሰው። ጎማው ግን የተመረተው በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ነው። ሻጩ ለማታለል ላይሆን ይችላል፤ ራሱም ያልለየው ብዙ ነው። በእኛና በፈረንጁ መካከል ያለው የሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ጎማ ላይ የአንድ ሙሉ ዕድሜ ልዩነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሙሉው ኮድ የሚጻፈው በጎማው አንድ ጎን ብቻ ሊሆን ይችላል። በሌላው ጎን ዲኦቲ የሚለውንና ጥቂት ፊደላትን አይታችሁ ቀኑን ካጣችሁት ጎማውን አገላብጡት። የተገጠመ ከሆነ በስልካችሁ ባትሪ ከሥር አብርታችሁ እዩ። አራቱንም ለየብቻ አንብቡ። በአንድ ላይ ተደርድረው የሚሸጡ አራት ጎማዎች የተለያየ ዓመት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ጥላ ውስጥ በአግባቡ የተቀመጠ የአንድና የሁለት ዓመት ጎማ ችግር የለውም። ከዚያ በላይ ከሆነ ዋጋ ይቀነስላችሁ። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ተዉት። ብዙ የጎማ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ ይመክራሉ። ጥርስ ቢኖረውም ከተመረተ 10 ዓመት የሞላውን ደግሞ ቀይሩ ይላሉ። ስኮርታውም በዚሁ ይቆጠራል።

*በኪሎ ሜትር የሚወጣው ወጪ።* የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌቱ ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንድ ጎማ 16,000 ብር ተገዝቶ 32,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 50 ሳንቲም ከፈላችሁ። ሌላው 22,000 ብር ሆኖ 55,000 ቢሄድ 40 ሳንቲም ነው። ያገለገለ ጎማ በ8,000 ብር ገዝታችሁ 12,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢያገለግል 67 ሳንቲም ደረሰ። ሱቁ ውስጥ ከሁሉም የረከሰው መንገድ ላይ ከሁሉም ተወደደ። የማስገጠሚያውና የባላንሱ ክፍያ ሲደገም ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ በምን ይታወቃል? አንዱ ፍንጭ ትሬድዌር ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ቁጥር ነው። 600 ያለበት 300 ካለበት በሁለት እጥፍ ቀስ ብሎ ያልቃል እንደማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ግን አምራቹ ራሱ ስለሆነ፣ የአንዱን ፋብሪካ ጎማዎች እርስ በርስ ለማወዳደር ነው የሚረዳው። ኤልቲ የተባሉት የጭነት ደረጃ ጎማዎች ይህ ቁጥር የለባቸውም። ሁለተኛውና የተሻለው ፍንጭ ያንኑ ጎማ በዚያው መንገድ የነዳ ሰው ነው። የሰጡትን የኪሎ ሜትር ቁጥር ብቻ አትያዙ፤ ወዴት እንደሚነዱና ምን እንደሚጭኑም ጠይቁ።

*እርጥብ አስፋልት ላይ መያዙ።* ከትሬድዌር ቀጥሎ ትራክሽን የሚል አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ድርብ ኤ ነው፤ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይወርዳል። ሐረጎን ለሚወርድ መኪና ከኤ በታች አልመክርም። ቴምፕሬቸር የሚለው ደግሞ ሙቀት የመቋቋም ደረጃ ነው። ባቲንና ሚሌን ለምትመላለሱ እዚያም ኤ ፈልጉ።

*የጎኑ ጥንካሬ።* ይህ የሚመለከተው በየሳምንቱ ከአስፋልት የሚወጣውን ነው። ከተማ ለሚውል ሰው ብዙም አያስጨንቅም።

አሁን አማራጮቹን አንድ በአንድ

የአስፋልት ጎማ (ኤችቲ)። አብዛኞቹ ኤስዩቪዎች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ነው። ጥርሱ ጠባብና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አዲስ ሲሆን የጥርሱ ጥልቀት 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ ይቆጥባል፣ እርጥብ አስፋልት በደንብ ይይዛል። ረጅም ኪሎ ሜትር የሚሄደውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በደረቅ ፒስታ ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰውም ይበቃል። ድክመቱ ዋልካ ነው። ጥርሱ መሃል ጭቃ ከሞላ አይራገፍም፤ መኪናው ይንሸራተታል። ስለታም ድንጋይ ላይም ጎኑ ይሳሳል።

ኦልተሬን (ኤቲ)። ጥርሱ ተለቅ ያለ፣ ጥልቀቱም ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ነው። ጠጠር ላይ ቶሎ አይቦጨቅም፣ ጭቃም በመጠኑ ይራገፍለታል። ከአስፋልት ጎማው ይልቅ ከባድ ስለሆነ ነዳጅ ትንሽ ይጨምራል፣ ድምፅም አለው። እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ከጥሩ ኤችቲ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው።

በኤቲ ውስጥም ልዩነት አለ። አንዳንዱ ለስለስ ያለ ጥርስ አለው፤ ለአስፋልት ያደላል። አንዳንዱ የጭቃ ጎማ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወልድያ ተቀምጦ በድልብ በኩል ወደ ጋሸናና ላሊበላ ለሚመላለስ፣ ከዚያም ወደ ገጠር ለሚገባ ሰው ለስለስ ያለው ኤቲ ልኩ ነው። የመያድ ወይም የጤና ፕሮጀክት ሾፌሮች ከእሱ የማይለዩት ያለምክንያት አይደለም።

የጭቃ ጎማ (ኤምቲ)። ሲያዩት ያምራል። መኪናው ላይ ሲገጠም ግርማ ይሰጣል። አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። እርጥብ አስፋልት ላይ መያዙ ከሁሉም ደካማ ነው። ክረምት ከበጋ ዋልካ ውስጥ የሚውል ሥራ ከሌላችሁ አትግዙት።

የጭነት ደረጃ ጎማ (ኤልቲ ወይም ሲ)። ይህ ለብቻው የጥርስ ዓይነት አይደለም። ኤችቲም ኤቲም በኤልቲ ሊሠራ ይችላል። ልዩነቱ ሽፋኑ መወፈሩ፣ ጎኑ መጠንከሩ ነው። የጥንካሬው ደረጃ 8 ፒአር ወይም 10 ፒአር ተብሎ ይጻፋል። ሃርድቶፕና ፒክአፕ ላላቸው፣ ሁልጊዜ ለሚጭኑ ይሆናል። ለራቭ ፎርና ለቪታራ አያስፈልግም፤ መኪናውን ያደርቃል፣ አሞርዛተሩም ይጎዳል። ኤልቲ የገጠመ ሰው የንፋሱ መጠን ከተለመደው ከፍ እንደሚል ይወቅ።

ያገለገለ ጎማ። ብዙ ሰው የሚገባበት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና ግማሽ ጥርስ አለው» ይባላል። ግማሽ የሚለውን በቁጥር እንፈትሸው። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ነው። መጨረሻው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ መሃል ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች የሚታዩበት ልክ። ስለዚህ ከአዲሱ የሚሠራው 6.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የቀረው ጎማ ሊሠራ የቀረው 2.4 ነው። ይህ ግማሽ አይደለም፤ ከ40 በመቶ ያነሰ ነው። በአዲሱ ግማሽ ዋጋ ከተሸጠላችሁ ከአዲሱ ተወድዷል።

ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። የክብሪት እንጨት ጥርሱ መሃል አቁሙ፣ በጥፍራችሁ ምልክት አድርጉ፣ በማስመሪያ ለኩ። በሦስት ቦታ ለኩ፤ ከውስጥ፣ ከመሃል፣ ከውጭ። ከዚያ ጎማው ከቸርኬ ውጭ እንዳለ የውስጡን ገጽ በእጃችሁ ዳብሱ። የተለጠፈ ፓች፣ የተላጠ ጎማ፣ ብቅ ያለ ሽቦ ካለ ተዉት። ጎኑ ላይ ዕብጠት ካለ ውስጡ ክሩ ተበጥሷል ማለት ነው። በጥቁር ቀለም ወይም በዘይት የተወለወለውን በጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አጠፍ አድርጉት፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ዲኦቲውን ደግሞ አንብቡ። ይህን ሁሉ ያለፈ ጎማ ለስኮርታ መግዛት ይቻላል። ለፊት እግር፣ ያውም ለሐረጎ ቁልቁለት፣ አልመክርም።

የታደሰ ጎማ። አሮጌው ገላ ላይ አዲስ ጥርስ የተለበጠበት ነው። በጭነት መኪናና በአውቶብስ የኋላ እግር ላይ የሚሠራበት አሠራር ነው፤ የአውሮፕላን ጎማም ይታደሳል። እዚያ ግን ገላው ከየት እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደታደሰ ይታወቃል። ለኤስዩቪ የሚቀርበው የታደሰ ጎማ ታሪኩ አይታወቅም። ወደ ሚሌ ሙቀት ይዤው አልወርድም።

በአጭሩ ሲታይ

| ዓይነት | እርጥብ አስፋልት | ጠጠርና ድንጋይ | ጭቃ | የሚሄደው ኪሎ ሜትር | የመግዣ ዋጋ | የሚሆነው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የአስፋልት (ኤችቲ) | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | ደካማ | ረጅም | መካከለኛ | ከተማና ዋና መንገድ |
| ኦልተሬን (ኤቲ) | ጥሩ | ጥሩ | መካከለኛ | ከመካከለኛ እስከ ረጅም | ከፍ ያለ | አስፋልትና ፒስታ ለሚያቀላቅል |
| የጭቃ (ኤምቲ) | ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | አጭር | ውድ | ዋልካ ውስጥ ለሚውል ብቻ |
| የጭነት ደረጃ (ኤልቲ) | እንደ ጥርሱ | በጣም ጥሩ | እንደ ጥርሱ | ረጅም፣ ከተጫነ | ከፍ ያለ | ሃርድቶፕ፣ ፒክአፕ |
| ያገለገለ | ጥርሱ ባነሰ ቁጥር ይደክማል | አጠራጣሪ | ደካማ | አጭር | ርካሽ | ስኮርታ |
| የታደሰ | አጠራጣሪ | አጠራጣሪ | እንደ ጥርሱ | የማይታወቅ | ርካሽ | ለኤስዩቪ አይመከርም |

ስለ ሀገርና ስለ ስም

የጎማ ስም ማወደስ አልፈልግም። አንድ ስም በአምስት ሀገር ሊመረት ይችላል። የጃፓን ስም ያለው ጎማ ታይላንድ ወይም ኢንዶኔዥያ ተሠርቶ ቢመጣ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ገበያውን በሦስት ክፈሉት። ከላይ የጃፓንና የአውሮፓ ታዋቂ ስሞች አሉ። ከመሃል የኮሪያ፣ የታይዋንና የተወሰኑ የቻይናና የህንድ ትልልቅ ፋብሪካዎች አሉ። ከታች ደግሞ ስማቸው በየዓመቱ የሚቀያየር አለ። የመጨረሻውን የምፈራው ቻይና ስለተሠራ አይደለም። ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ቢቀደድ መሰሉን ስለማታገኙ ነው።

ይህ ነጥብ ለደሴና ለወልድያ ሰው ከአዲስ አበባው የበለጠ ያስፈልጋል። 400 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አንድ ጎማ መፈለግ ቀላል አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት «ይህ ሞዴል እዚህ በቋሚነት ይመጣል ወይ?» ብላችሁ ሁለት ሱቅ ጠይቁ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ያለ ደረሰኝ የተገዛ ጎማ ጉድለት ቢገኝበት መመለሻ የለውም።

ሁለት ብቻ ወይስ አራቱንም?

ገንዘቡ ለአራት ካልደረሰ መኪናችሁ በምን እንደሚነዳ እወቁ። ሃርድቶፕና ፒክአፕ ፎር ዊሉ ካልገባ በስተቀር የሚነዱት በኋላ እግራቸው ብቻ ስለሆነ ሁለት ሁለት መቀየር ይቻላል። ፕራዶና ብዙ ራቭ ፎሮች ግን ሁልጊዜ ወይም በራሳቸው ጊዜ ለአራቱም እግር ኃይል ያካፍላሉ። ፊቱ ያለቀ፣ ኋላው አዲስ ሲሆን ጎማዎቹ የሚዞሩት በተለያየ ፍጥነት ነው። ልዩነቱን የሚሸከመው ዲፈረንሻሉና ማከፋፈያው ነው። እሱን ማሠራት ከሁለት ጎማ ዋጋ በላይ ነው። እነዚህ መኪኖች ላይ አራቱን ባንድ ጊዜ ቀይሩ፤ ከዚያም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ፊትና ኋላውን አቀያይሩ። ያኔ የሐረጎ መታጠፊያ የሚበላው ትከሻ ለአራቱም ይከፋፈላል።

ሁለት ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። እርጥብ መታጠፊያ ላይ የኋላው እግር ቀድሞ ከተንሸራተተ መኪናው ይዞራል፤ ያንን በመሪ መመለስ ለአብዛኛው ሾፌር ከባድ ነው።

የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ለያዛችሁ አንድ ቃል። ባትሪው ከባድ ነው፣ ሲነሳም ጉልበቱ ባንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ጎማ ቶሎ ይጨርሳል። የክብደት ደረጃውን በጥብቅ ጠብቁ። የቮልስዋገን አይዲ ፎርን የመሳሰሉት የፊትና የኋላ ጎማቸው ስፋት ሊለያይ ስለሚችል ፊትና ኋላ ማቀያየር ላይቻል ይችላል።

እንደ ኪሳችሁና እንደ መንገዳችሁ

ደሴና ኮምቦልቻ የምትመላለሱ፣ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ የምትወርዱ፦ መካከለኛ ዋጋ ያለው ኤችቲ፣ ትራክሽን ኤ፣ ዲኦቲው ከሁለት ዓመት ያልበለጠ። ከዚህ ላይ ገንዘብ መጨመር ብዙም አያስፈልግም።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሚሌ ደጋግማችሁ የምትነዱ፦ ያው ኤችቲ፣ ግን ቴምፕሬቸሩ ኤ ይሁን። አቅም ካለ ከላይኛው ክፍል ግዙ። በረጅም መንገድ የሚቆጠበው ነዳጅና የሚጨመረው ኪሎ ሜትር የዋጋውን ልዩነት ይመልሳል።

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ፒስታ ላይ የምትወጡ፦ ለስለስ ያለ ኤቲ። ከታችኛው ክፍል ኤቲ ከመግዛት ግን ከመካከለኛው ክፍል ጥሩ ኤችቲ ይሻላል።

ሃርድቶፕ ይዛችሁ ተንታና ደላንታ ገጠር የምትጭኑ፦ ኤልቲ፣ 8 ፒአር ወይም ከዚያ በላይ። 7.50 አር 16 የምትጠቀሙ ከሆነ ከመነዳሪውንም አብራችሁ ቀይሩ። አሮጌ ከመነዳሪ አዲስ ጎማ ውስጥ ይጨማደድና ይበሳል።

ገንዘብ በጣም ላጠራቸው፦ አራት ያገለገለ ከመግዛት፣ መኪናው የሚፈቅድ ከሆነ ሁለት አዲስ ከመካከለኛው ክፍል ግዙና ለሌሎቹ ሁለት ጊዜ ስጡ። ግዢውን ከሰኔ በፊት ጨርሱት። 3 ሚሊ ሜትር የቀረው ጎማ በጋውን ይገፋል፤ ክረምት ላይ ግን ውኃው ላይ ይንሳፈፋል።

ከገዛችሁ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው

ንፋስ ነው። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው ጣሪያ ስለሆነ እሱን አትሙሉ። ጠዋት መኪናው ሳይነሳ ለኩ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሁለቱ ትከሻዎቹ ያልቃሉ፣ የበዛው ደግሞ መሃሉ።

ከደሴ ወደ አፋር ለሚወርዱ ሾፌሮች አንድ ነገር ልጨምር። «ሙቀት ስለሆነ ንፋስ ቀንስ» የሚል ምክር ይሰማል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ። ወደ ታች ስትወርዱ የውጭው የአየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ላይ 3 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ያህል ይጨምራል። ከ15 ዲግሪ ወደ 38 ዲግሪ ስትወርዱ ሁለቱ ይቻቻላሉ። ስለዚህ ባቲ ላይ ቆማችሁ ከጋለ ጎማ ንፋስ አታስወጡ። ያስወጣችሁት ንፋስ ማነስ ሆኖ ጎማውን ይበልጥ ያግለዋል፤ የሚፈነዳውም እንዲህ ያለው ነው።

ጎሚስታ ቤት ሚስማር የወጋው ጎማ ሲጠገን፣ ቀዳዳው ጥርሱ ላይ ከሆነና ከ6 ሚሊ ሜትር ካልሰፋ ከውስጥ በፓች ይሠራል። ጎኑ የተቀደደ ቱብለስ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ ከትቶ መንዳት ቤት እስክትደርሱ ብቻ ይሁን። አዲስ ጎማ ስታስገጥሙ ቫልቩም አዲስ ይሁን፣ ባላንስና አላይመንት አሠሩ። መሪው ወደ አንድ ጎን እየሳበ አዲስ ጎማ ማስገጠም ገንዘብ መበተን ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ቆም በሉና የአራቱንም እግር ብሎኖች በመፍቻ ደግማችሁ አጥብቁ፤ ስኮርታውንም አውርዳችሁ ንፋሱን ለኩ።